ሒሳብ የሚያስተምሩ መሣሪያዎች፦ ከጠጠር እስከ ካልኩሌተር



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ታነባላችሁ። ደረሰኝ ሲሰጧችሁም እንደ ድሮው አጣጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትከቱትም፤ ዘርግታችሁ ታዩታላችሁ። ይሁን እንጂ በደረሰኝ ላይ ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩ ይበዛል። ፊደሉን አንብቦ ቁጥሩን ማስላት ያልቻለ ሰው የደረሰኙን ግማሽ ብቻ አነበበ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሒሳብ እንነጋገራለን። መደመርና መቀነሱን በጥናት ሰዓት እንሠራዋለን። ዛሬ የምንነግራችሁ የሰው ልጅ ሒሳብን ለማስተማር በየዘመኑ በእጁ ምን መሣሪያ እንደያዘ ነው።

«ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ ገበያውን አስቡት። እህል ወይም ሽንኩርት ይመዘናል። ገዢው የእጅ ስልኩን ያወጣል፤ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ያደርግና «ይኸው፣ ሒሳብህ ይህን ያህል ነው» ብሎ ያሳያል። ሻጩ አኃዙን ያያል። አኃዙ ከየት እንደመጣ ግን አላየም። ስልኩ አልዋሸም ይሆናል፤ የተጫነው ቁልፍ ትክክለኛው መሆኑን ግን ማን ያውቃል?

እንግዲህ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። ሥራውን እያሳየ የሚሠራ አለ፤ ሥራውን ደብቆ ውጤቱን ብቻ የሚሰጥ አለ። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ለመማር ግን እኩል አይደሉም። ታሪኩን ስንናገር ይህን ልዩነት ልብ እያላችሁ ስሙን። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

ሰው መጀመሪያ የቆጠረው በጣቱ ነው። በብዙ አገር ቁጥር በአሥር በአሥር የሚታሰረው ጣታችን አሥር ስለሆነ ነው ይባላል። ጣት ሲያልቅ ደግሞ ጠጠር ተለቀመ። ጠጠር ከጣት የሚሻልበት ነገር አለ፤ አስቀምጦት መሄድ ይቻላል። ጣትን አስቀምጦ መሄድ አይቻልም።

የጥንት ግሪኮች ጠጠሩን ዝም ብለው አልከመሩትም። በድንጋይ ገበታ ላይ መስመር እየፈለፈሉ በመስመር ደረደሩት። እንዲህ ያለ አንድ የእብነ በረድ ገበታ ሳላሚስ በምትባል የግሪክ ደሴት ላይ በ1846 ተገኝቷል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ከተሠራ 2,300 ዓመት ገደማ እንደሆነው ይገመታል፤ መስመሮቹ ግን ዛሬም በግልጽ ይታያሉ። ሮማውያንም በጠጠር ያሰሉ ነበር። በእነሱ ቋንቋ በላቲን ትንሽ ጠጠር «ካልኩሉስ» ትባላለች። ዛሬ «ካልኩሌተር» የምንለው ስም ከዚህች ቃል የመጣ ነው። በትልቅ ከተማ መስታወት ቤት ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጠው ዕቃ በስሙ ጠጠር ነው ማለት ነው!

የጠጠሩ ገበታ እንዴት እንደሚሠራ አሁን እናሳያችሁ። ገበጣ የተጫወተ ሰው አይቸግረውም። አቧራው ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። በቀኝ ያለው የአንድ ቤት፣ መካከለኛው የአሥር ቤት፣ በግራ ያለው የመቶ ቤት ይሁን። አንድ ገበሬ በመጀመሪያው ገበያ 368 ኪሎ ገብስ ሸጠ እንበል። በመቶው ቤት 3 ጠጠር፣ በአሥሩ ቤት 6፣ በአንዱ ቤት 8 ጠጠር ያስቀምጣል። በሁለተኛው ገበያ 275 ኪሎ ሸጠ። በመቶው ላይ 2፣ በአሥሩ ላይ 7፣ በአንዱ ላይ 5 ይጨምራል። አሁን ከቀኝ ይጀምር። በአንዱ ቤት 13 ጠጠር ተሰብስቧል። አሥሩን ያነሳና በምትካቸው አንድ ጠጠር በአሥሩ ቤት ያስቀምጣል፤ 3 ይቀራል። በአሥሩ ቤት 6 እና 7፣ ያቺም የመጣችው አንዷ ተጨምራ 14 ሆነዋል። አሁንም አሥሩን አንስቶ አንድ ጠጠር በመቶው ቤት ያስቀምጣል፤ 4 ይቀራል። በመቶው ቤት 3 እና 2 እና አንድ፣ 6 ሆነ። 643 ኪሎ፤ አለቀ።

በወረቀት ስንደምር «ሦስት እንጽፍና አንድ እንይዛለን» እንላለን። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዳዊት በቃሉ ያጠናዋል እንጂ የተያዘችው አንድ ማን እንደሆነች አያውቅም። ያቺ አንድ በአሥር ጠጠር ምትክ የመጣች ጠጠር ናት። በአቧራው ላይ ስትሄድ ትታያለች። መሣሪያ ሥራውን ያሳያል ያልነው ይህን ነው።

ለመሆኑ ለምን በወረቀት አልደመሩም? በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ የሚታየውን የግዕዝ ቁጥር አስቡ። 368 በግዕዝ ፫፻፷፰ ተብሎ ይጻፋል። 275 ደግሞ ፪፻፸፭ ነው። በዚህ አጻጻፍ ስድስት ሌላ ምልክት ነው፤ ስድሳም ሌላ ምልክት ነው። ዜሮ የሚባል የለም። ለመጻፍ ያማረ ነው፤ ከላይና ከታች አድርጎ ለመደመር ግን አይመችም። የግዕዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸውና ግሪኮችም ይኸው ችግር ነበረባቸው፤ ሮማውያንም እንደዚሁ። ስለዚህ ሒሳቡን በጠጠር ይሠሩና ውጤቱን በቁጥር ይጽፋሉ። ጠጠሩ ለሥራ፣ ቁጥሩ ለመዝገብ ነበር።

ዛሬ የምንጽፋቸው ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ከህንድ አገር ተነሥተው በዓረቦች እጅ አልፈው የመጡ ናቸው። የእነርሱ ትልቁ ብልሃት ዜሮ ነው። 603 ስንጽፍ መካከል ላይ ያለችው ዜሮ «በአሥሩ ቤት ጠጠር የለም» ትላለች። ባዶውን መስመር በጽሑፍ ማሳየት ስለተቻለ ገበታው ራሱ ወረቀት ላይ ወጣ። ለአውሮፓ ሰዎች ይህን በሰፊው ያስተማረው በጣሊያን የፒዛ ሰው ፊቦናቺ ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው በ1202 ነው። ሁሉም ወዲያው እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። በፍሎረንስ ከተማ የገንዘብ ለዋጮች ማኅበር በ1299 አባሎቹ የሒሳብ መዝገባቸውን በአዲሶቹ አኃዞች እንዳይጽፉ ከለከለ። ዜሮን ጭራ ቀጥሎ 6 ወይም 9 ማድረግ ቀላል ነውና ማጭበርበር ተፈርቶ ነው ይባላል። በነገራችን ላይ ዛሬም በደረሰኝ ላይ ገንዘቡ አንድ ጊዜ በአኃዝ፣ አንድ ጊዜ በፊደል የሚጻፈው በዚህ ዓይነት ሥጋት ነው። አሁን ሁለቱንም ማንበብ ስለምትችሉ ሁለቱ መስማማታቸውን ሳታዩ አትፈርሙ።

ጠጠር ይንከባለላል፤ ይጠፋል፤ ልጅም ይበትነዋል። ስለዚህ ሰዎች ጠጠሩን በስተው በሽቦ ወይም በቀጭን እንጨት ላይ ሰኩት። ጠጠሩ ዶቃ ሆነ። እኛ አገር መቁጠሪያ ሲባል የጸሎቱ ነው የሚታሰበን፤ የምንናገርለት ግን የሒሳብ መቁጠሪያ ነው። ቻይናዎች፣ ጃፓኖችና ሩሲያውያን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዓይነት ሠርተዋል። የሩሲያው ለማየት በጣም ቀላል ነው። በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ሽቦዎች ተዘርግተዋል፤ በአብዛኛው ሽቦ ላይ አሥር አሥር ዶቃ አለ። በአሥሩ መካከል ያሉት ሁለቱ ዶቃዎች ቀለማቸው የተለየ ነው። ይህም ዓይን አምስትን ሳይቆጥር እንዲያውቅ ነው። የሩሲያ ሱቅ ሻጮች ይህን መሣሪያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩት ነበር።

ይህ የሩሲያ ዕቃ የልጆች ማስተማሪያ የሆነበት ታሪክ የሚገርም ነው። በ1812 የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሩሲያን ወረረ። እንደምታውቁት፣ ወይም አሁን እንደምትሰሙት፣ ብርዱና ረሃቡ ጦሩን ፈጀው። ሲሸሹ ከተማረኩት መካከል ዣን ቪክቶር ፖንስሌ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት መኮንን ይገኝበታል። በዚያ ክረምት በእግሩ እየተነዳ ቮልጋ ወንዝ ዳር ወዳለችው ሳራቶቭ ከተማ ተወሰደ። እስረኛ ነው፤ መጽሐፍ የለውም። ይሁንና የተማረውን ሒሳብ ከጭንቅላቱ እያወጣ እንደገና ሠራው፤ አዲስ ነገርም ጨመረበት። ኋላ ስሙን ያስጠራው ትልቅ የጂኦሜትሪ ሥራ የተጀመረው በዚያ ግዞት ነው።

ፖንስሌ በሩሲያ የሒሳብ መቁጠሪያውን አየ። በ1814 ተፈትቶ አገሩ ሲገባ ነገሩን በልቡ ይዞት ሄደ። ፈረንሳዮች የጠጠር ገበታን ከተዉት ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። እርሱ ግን በትውልድ ከተማው በሜስ የሩሲያውን መቁጠሪያ ለትምህርት አስገባ። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ ተዛመተ፤ አሥር ሽቦ፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ዶቃ፣ በጠቅላላው መቶ ዶቃ ያለው ሆኖ በልጆች ፊት ቆመ። በሩሲያ የነጋዴ ዕቃ የነበረው በፈረንሳይ የልጅ አስተማሪ ሆነ። እኛ እዚህ ላይ የምናደንቀው ዶቃውን ብቻ አይደለም። በጠላት አገር ታስሮ እያለ ከገበያ ሰው የሚማረውን ነገር ያየውን ዓይን ጭምር ነው። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ከሱቅ ጠረጴዛ የሚማር አይመስለውም።

የጃፓኑ መቁጠሪያ ሶሮባን ይባላል። በእያንዳንዱ ቤት ከላይ አንድ፣ ከታች አራት ዶቃ አለው። የላይዋ አንዷ እንደ አምስት ትቆጠራለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የአሜሪካ ጦር ጃፓንን ይዞ ሳለ፣ በ1946 በቶኪዮ ከተማ ውድድር ተደረገ። በአንድ ወገን የአሜሪካ ወታደር ቶማስ ናታን ዉድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሒሳብ መኪና ይዞ ቀረበ። በሌላ ወገን የጃፓን ፖስታ መሥሪያ ቤት የቁጠባ ክፍል ሠራተኛ ኪዮሺ ማትሱዛኪ ሶሮባኑን ይዞ ቀረበ። ውድድሩ አምስት ዓይነት ነበር፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ሁሉም የተቀላቀለበት። ሶሮባኑ 4 ለ 1 ረታ። መኪናው ያሸነፈው በማባዛት ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ዶቃ ከማሽን ይበልጣል የሚል ካለ ተሳስቷል። ማትሱዛኪ የተመረጠ ባለሙያ ነበር፤ ማሽኖቹም ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ ፈጥነዋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በሶሮባን ብዙ የሠለጠኑ ልጆች ዶቃው ሲወሰድባቸው እንኳ ማስላታቸውን አያቆሙም። ዶቃውን በሐሳባቸው ያዩታል፤ ጣታቸውን ባዶ አየር ላይ እያንቀሳቀሱ ትልልቅ ቁጥር ይደምራሉ። መሣሪያው ከእጅ ወደ ጭንቅላት ገብቷል። በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካልኩሌተር በሞላበት በዚህ ዘመን እንኳ ሶሮባን በ3ኛና በ4ኛ ክፍል የሚሰጠው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሰሌዳ እንሂድ። ዛሬ ደብተር ርካሽ ባይሆንም ይገኛል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓም ቢሆን ወረቀት ለድሀ ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። ጆሴፍ ላንካስተር የሚባል እንግሊዛዊ በ1798 ገደማ በለንደን የድሀ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት ጀማሪዎቹን በአሸዋ ላይ በጣታቸው ያጽፋቸው ነበር። ከፍ ያሉት ደግሞ ከስስ ድንጋይ በተሠራች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ያጠፋሉ፤ እንደገና ይጽፋሉ። በአገራችን የቁርኣን ተማሪ በእንጨት ሎሕ ላይ ጽፎ አጥቦ እንደገና እንደሚጽፈው ማለት ነው። መምህሩ አንድ፣ ልጆቹ በመቶ የሚቆጠሩ ስለነበሩ ቀድሞ ያወቀው ልጅ ያላወቀውን ያስተምር ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶቻችንም ይህ ልማድ የቆየ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ወጥተው ያልተማረውን ወገን አስተምረዋል።

ሰሌዳው አድጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ክፍሉን በሙሉ ገለበጠው። መምህሩ ሒሳቡን ደረጃ በደረጃ ሲሠራ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል። ተማሪውም ወጥቶ ሲሠራ ሁሉም ያየዋል። ይኸኛው ነገር ሁሉንም አላስደሰተም። በአሜሪካ በዬል ኮሌጅ በ1830 የሆነውን ስሙ። የጂኦሜትሪ ትምህርት ነው፤ የሞሰብ ክዳን በሰያፍ ቢቆረጥ የሚወጣውን ዓይነት ቅርጽ የሚያጠና። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎቹ ሲጠየቁ መጽሐፉን ገልጠው ሥዕሉን እያዩ ይመልሱ ነበር። አሁን ግን «መጽሐፉን ዝጉ፤ ሥዕሉን ራሳችሁ በሰሌዳው ላይ ሥላችሁ አስረዱ» ተባሉ። ተማሪዎቹ እምቢ ብለው አደሙ። ከ96 የክፍሉ ተማሪዎች ከ40 በላይ የሚሆኑት ተባረሩ።

ለምን ይህን ያህል ፈሩት? ሰሌዳው ስለሚያጋልጥ ነው። የሸመደደና ያወቀ ሰው መጽሐፍ ፊት ይመሳሰላሉ፤ ሰሌዳ ፊት ይለያያሉ። ከእናንተም መካከል ወደ ሰሌዳው ውጡ ስትባሉ የምትሸሹ አላችሁ። እነዚያ የሀብታም ልጆችም ሸሽተዋልና አትፈሩ! እዚህ ደግሞ ተሳሳትክ ተብሎ የሚባረር የለም። ስሕተቱ ሰሌዳው ላይ ሲታይ ለማረም ይቀላል፤ በልብ ተደብቆ ሲቆይ ነው የሚያስቸግረው።

ከሰሌዳ ቀጥሎ የምንነግራችሁ መሣሪያ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አለው። በቤልጂየም ቱዊን በምትባል ትንሽ ከተማ ዦርዥ ኩዊዝኔር የሚባል መምህር ነበር። ሙዚቃም ሒሳብም ያስተምራል። ልጆቹ ዜማ ሲማሩ ደስ ይላቸዋል፤ ሒሳብ ሲማሩ ያዝናሉ። ስለዚህ እንጨት ቆራረጠ። የመጀመሪያዋ አንድ ሳንቲሜትር፣ ሁለተኛዋ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥር ሳንቲሜትር። እያንዳንዷን የተለያየ ቀለም ቀባ። አንዷ ነጭ፣ ሁለቷ ቀይ፣ አምስቷ ቢጫ፣ አሥሯ ብርቱካንማ ናት። ሁለት ቢጫ እንጨት ጫፍ ለጫፍ ቢገጠም ከብርቱካንማዋ ጋር ልክ ይሆናል። አምስትና አምስት አሥር መሆኑን ልጁ ማንም ሳይነግረው በዓይኑ አየ፤ በእጁ ዳሰሰ። ሦስት ባለሦስት እንጨት ቢደረደር ከባለዘጠኟ ጋር ይተካከላል፤ ከአሥሯ ግን አንዲት ነጭ ይጎድለዋል። መምህሩ ስለዚህ ነገር በ1952 መጽሐፍ አሳተመ።

በዓመቱ፣ በ1953፣ ካሌብ ጋቴኞ የሚባል ሰው ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ሄደ። ጋቴኞ በግብፅ በእስክንድርያ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነው። ልጆቹ በእንጨቶቹ ሲሠሩ አይቶ ተደነቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንጨቶቹን በብዙ አገር ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ይኸው ሰው በ1957 በዩኔስኮ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የመጣው ለሒሳብ አልነበረም፤ ስለ ማንበብና መጻፍ ትምህርት ነበር። በአማርኛ ንባብ ላይ ሠራ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለም በእንጨቶቹ ላይ ያየውን ወደ ፊደል አመጣው። ቀለም ቁጥርን ካሳየ ድምፅንስ ለምን አያሳይም? እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቀለም እንዲኖረው አድርጎ የንባብ ማስተማሪያ አዘጋጀ። ኋላ ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎችም ሠራ። የኩዊዝኔር የሒሳብ እንጨት በእኛ ፊደል በኩል ዞሮ ዓለምን ጎበኘ ብንል አልተጋነነም።

ጋቴኞ መምህር ብዙ ማውራት የለበትም ባይ ነበር። ተማሪው እንጨቱን ይዞ ራሱ እስኪያስተውል ድረስ መምህሩ ዝም ይበል ይላል። ይህን እኛም ብንማረው መልካም ነው፤ አሁን እንኳ ስንት ሰዓት እንዳወራን እናንተ ታውቃላችሁ።

እንጨቶቹን ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም። ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ በጣት ስፋት ልክ እየለካችሁ ከአንድ ጣት እስከ አሥር ጣት ቁረጡ፤ ከቤት ለልጆቻችሁ ይበቃል። አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ልጁ «ቢጫና ቢጫ ብርቱካንማ ነው» ብሎ ቢሸመድድ ምንም አልተማረም። እንጨቱ የሚጠቅመው ርዝመቱ ከቁጥሩ ጋር ሲገናኝለት ነው።

ወደ ማሽን ደረስን። ከካልኩሌተር በፊት መሐንዲሶች ለ350 ዓመት ያህል የተጠቀሙበት ተንሸራታች ማስመሪያ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የተፈለሰፈ ነው። ሁለት ባለመስመር ማስመሪያዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ብዜቱ ይነበባል። ይህ ዕቃ አንድ ጉድለት ነበረው፤ መልሱ 3 ይሁን 30 ወይም 300 አይነግርም። ባለቤቱ መልሱ ወደ ስንት እንደሚጠጋ በልቡ ቀድሞ መገመት ነበረበት። ይህ ጉድለቱ ነው፤ አስተማሪነቱም ይኸው ጉድለቱ ነበር።

በ1972 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኪስ የሚያዝ፣ ይህን ሁሉ የሚሠራ ካልኩሌተር በ395 ዶላር ለገበያ አወጣ። ያን ጊዜ ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ዋጋው ወደቀ፤ ተንሸራታቹ ማስመሪያም ከየጠረጴዛው ወደ ሣጥን ገባ። በ1980 የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት ተማሪዎች በየክፍሉ ካልኩሌተር እንዲጠቀሙ መከረ። ብዙ ወላጆች ደነገጡ፤ «ልጆቻችን ማሰብ ሊተዉ ነው» አሉ። በ1986 ሁለት ተመራማሪዎች 79 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ካልኩሌተር ከመደበኛው ትምህርት ጎን ሲሰጥ በአብዛኛው የልጆቹን ችሎታ አልጎዳም፤ እንዲያውም ረድቷል። በአንድ ክፍል ግን ሌላ ነገር ታየ። በ4ኛ ክፍል ዘወትር በካልኩሌተር የሠሩት በእጅ የማስላት ችሎታቸው ተጎድቶ ነበር። ከመሠረቱ ሳይጠነክር የመጣ ካልኩሌተር እንጂ ካልኩሌተር ሁሉ አይጎዳም ብለን ብንረዳው ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

በአገራችንም የማሽን ነገር በትልቁ ተሞክሯል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ ሒሳብና ሌላውም ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። በሩቅ ወረዳ ያለው ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ማግኘቱ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይፈጥናል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መምህሩም ሥርጭቱን አቁሞ «እስቲ ይቺን እንድገማት» ማለት አይችልም ነበር። ጠመኔ የያዘ መምህር ግን የተማሪውን ፊት አይቶ ይቆማል።

እንግዲህ ስልካችሁን አውጡ፤ ካልኩሌተሩ እዚያው ውስጥ አለ። አንጥለውም፣ እንጠቀምበታለን። ከመጫናችን በፊት ግን የተንሸራታቹን ማስመሪያ ልማድ እንከተል። 48 ኪሎ ሽንኩርት አለን እንበል፤ ኪሎው 62 ብር። 48 ወደ 50 ይጠጋል፤ 62 ወደ 60 ይጠጋል። 5 ጊዜ 6 ሠላሳ ነው፤ 50 ጊዜ 60 ደግሞ 3,000። ስለዚህ መልሱ 3,000 ብር አካባቢ መሆን አለበት። አሁን ቁልፉን ተጫኑ፤ 2,976 ይላል። ትክክል ነው። ገዢው በ48 ፈንታ 38 ቢጫን ግን ስልኩ 2,356 ይላል። ስልኩ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን በትክክል አባዛ። ከሻጩ ኪስ ግን 620 ብር ወጣ። 3,000ን በልቡ የያዘ ሻጭ 2,356 ሲሉት «ቆይ ወንድሜ፣ እንደገና ምታው» ይላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ ይህንኑ በእጃችን እንሠራለን። እያንዳንዳችሁ ሃምሳ ሃምሳ ጠጠር ወይም ባቄላ ይዛችሁ ኑ፤ ስልክ ያላችሁም ስልካችሁን አትርሱ። ባቄላ የምታመጡ ጥሬውን አምጡ፤ የተቆላ ከሆነ ሒሳቡ ሳያልቅ እሱ ያልቃል።